ፍሬሽ ወይስ አርቴፊሻል? ቡኬሽን የሚጠብቅልሽ ማነው?

ጥያቄ፦

"ሠርጌ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቬሎው ተመርጧል፣ አዳራሹ ተይዟል። የቀረኝ የእጅ አበባዬ፣ ቡኬዬ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን የማስበው ነጭ ጽጌረዳ ይዤ ነው። ጓደኛዬ ግን 'በማግስቱ ለሚጣል ነገር ምን አስጨነቀሽ? አርቴፊሻል ግዢና ዕድሜ ልክሽን አስቀምጪው' ትለኛለች። የእጮኛዬ እህት ደግሞ አርቴፊሻል ሲባል ፊቷ ይቀያየራል። 'ሙሽራ የፕላስቲክ አበባ ይዛ? ሰው ምን ይላል?' አለችኝ። ፕሮግራማችን ከጠዋት እስከ ማታ ነው። እኩለ ቀን አካባቢ ለፎቶ ውጪ ፀሐይ ላይ እንቆያለን። እጮኛዬን ደግሞ የአበባ ሽታ ያስነጥሰዋል። ሁለት ሚዜዎች አሉኝ፤ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ነገር የማይረሳት። ፍሬሹ ጠውልጎ ፎቶዬን እንዳያበላሽብኝ እፈራለሁ። አርቴፊሻሉ ደግሞ ርካሽ መስሎ እንዳያሳፍረኝ። እባክሽ ገላግይኝ።"

ግራ የገባኝ ሙሽራ ነኝ

መልስ፦

ውዷ ሙሽራ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ።

"ሰው ምን ይላል" የሚለውን አስቀድመን እንገላገለው፤ ቀላሉ እሱ ነው። ሙሽሮች ሰው ሠራሽ አበባ ማድረግ የጀመሩት ትናንት አይደለም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስታገባ የብርቱካን አበባ አክሊል አድርጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሙሽሮች እሷን ተከተሉ። ግን ብርቱካን በብርድ አገር እንደ ልብ አያብብም፤ ቢገኝም ቶሎ ይጠወልጋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከሰም የተሠራ የብርቱካን አበባ አክሊል የተለመደ የሙሽራ ጌጥ ነበር። ሰሙን ያደረጉት ሙሽሮች ደግሞ ድሆች ብቻ አልነበሩም። እና አርቴፊሻል መያዝ በራሱ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው መጥፎ አርቴፊሻል ነው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። የትኛው ያምራል ብለሽ አትጀምሪ፤ በዚያ በኩል ከሄድሽ ሁለት ወሩን ሙሉ ስልክሽ ላይ ፎቶ ስታገላብጪ ያልቃል። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ የዚያን ቀን ቡኬውን የሚጠብቀው ማነው? ፍሬሽ አበባ ሰው ይፈልጋል። አርቴፊሻል አበባ ደግሞ ቀደም ብሎ የሚመርጠው ዓይን ይፈልጋል። ልፋት የሌለው ምርጫ የለም። ፍሬሹ በዋዜማውና በዕለቱ ያለፋሻል፣ አርቴፊሻሉ ከወር በፊት አልፍቶሽ በዕለቱ ዝም ይላል።

ፍሬሽ አበባ ለምን ሰው እንደሚፈልግ ላስረዳሽ። የተቆረጠ ጽጌረዳ ከሥሩ ቢለይም ውኃ መጠጣቱን አላቆመም። ዘንጉ እንደ ስትሮ ነው፤ ከታች ይስባል፣ ከላይ በአረንጓዴ ቅጠሎቹና በአበባው በኩል ይተናል። ቡኬው ከውኃ ወጥቶ እጅሽ ላይ ሲሆን መሳቡ ይቆማል፣ መትነኑ ግን አይቆምም። ፀሐይና ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። በዚያ ላይ የተቆረጠው ጫፍ አየር ላይ ሲቆይ በስትሮው ውስጥ አየር ይገባል። ከዚያ ወዲያ መልሰሽ ውኃ ውስጥ ብትከቺውም እንደ ልቡ አይስብም። መፍትሔው ጫፉን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል በሰላ መቁረጫ በሰያፍ ቀንሶ እንደገና መንከር ነው። እንግዲህ ቬሎ ለብሰሽ ይህን ስታደርጊ ይታይሽ።

ስለዚህ ጠባቂ ያስፈልጋል። ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ከባድ የማይገለበጥ ማሰሮ ውኃ፣ አንድ ንጹሕ ፎጣ፣ አንድ መቁረጫ። አንቺ ስትቀመጪ ቡኬው ማሰሮው ውስጥ ይገባል። ስትነሺ ዘንጉ በደንብ ተጠርጎ እጅሽ ላይ ይመለሳል። መጠረጉን አደራ፤ ከዘንግ የሚንጠባጠብ ውኃ የቬሎሽን ፊት ያበላሻል። ቡኬውን የሚያስረው ሪባንም ከዘንጎቹ ጫፍ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ አለዚያ ማሰሮው ውስጥ ይነከርና ውኃውን ወደ ላይ ይስባል።

አሁን ደብዳቤሽ ላይ አንድ ያላስተዋልሽው ነገር ልንገርሽ። የአክስትሽ ልጅ ነገር አይረሳትም ብለሻል፣ አምናለሁ፤ ለጠባቂነትም እሷን አስበሽ ይሆናል። ግን ሚዜ ናት። ሚዜ የራሷን አበባ ይዛለች። የቬሎሽን ጅራት ታነሳለች፣ ፎቶ በተነሳሽ ቁጥር አጠገብሽ ትቆማለች። ማሰሮ ተሸክማ ፎቶ ውስጥ ልትገባልሽ አትችልም። የቡኬ ጠባቂ ሚዜ ባትሆን ይመረጣል። ፎቶ ውስጥ እምብዛም የማትገባ፣ ግን ከእናንተ የማትርቅ ሰው ፈልጊ።

ጠባቂ ከተገኘ ቀጥሎ ያለው የአበባው ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ። ጽጌረዳ ጽኑ ከሚባሉት ነው። ካርኔሽን፣ ክሪሳንተመም፣ አልስትሮሜሪያና ኦርኪድም ያለ ውኃ ሰዓታትን ይችላሉ። ሃይድራንጂያ ግን ተይው። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ፎቶ ላይ ቦታ ይሞላል። ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን አንገቱን ለመድፋት ጊዜ አይወስድበትም። ጋርዴኒያ ሽታው ልብ ይሰርቃል፤ ጣት የነካው ቦታ ግን ቡናማ ይሆናል። ቱሊፕ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከተቆረጠ በኋላም ያድጋል፣ ወደ ብርሃን ይጎነበሳል። ማታ ያሰርሽው ቅርጽ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ሊሊ ካማረሽ አንድ ነገር አስጠነቅቅሻለሁ። መሃሉ ላይ ብርቱካንማ ብናኝ የተሸከሙ ትንንሽ ዘንጎች አሉ። አበባው እንደተከፈተ፣ ብናኙ ሳይፈነዳ፣ ጫፎቻቸው በጣት ተለቅመው መውጣት አለባቸው። ረስተሽው ቬሎሽ ላይ ከረገፈ አታሺው፣ ውኃም አታስነኪው፤ ይሰርጋል። በፕላስተር ተለጥፎ ነው የሚነሳው። ጠባቂዋ ቦርሳ ውስጥ ፕላስተር ይኑር።

ሰማያዊ ጽጌረዳ የሚያሳይሽ ሻጭ ካለም ጠንቀቅ በይ። ጽጌረዳ በተፈጥሮው ሰማያዊ ቀለም የለውም። ያየሽው ማቅለሚያ የጠጣ ወይም የተረጨበት ነጭ ጽጌረዳ ነው። ሲረጥብ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። ከነጭ ልብስ ጋር ለምን ታጋፊዋለሽ?

ነጭ ጽጌረዳ ስትገዢ በዓይን ብቻ አትመኚ። ከአበባው ራስ ሥር፣ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ጫን በይው። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው። ልል ካለ ቆይቷል፣ ከላይ ምንም ቢያምር አንድ ቀን ላይውል ይችላል። ደግሞም የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ፔታሎች፣ ማለትም የአበባው ቅጠሎች፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ጭረት ያለባቸው፣ ጠርዛቸው የተጎዳ ነው። ጉድለት እንዳይመስልሽ። እምቡጡን የሚጠብቁ የውጭ ሽፋኖች ናቸው፤ በመጨረሻው ሰዓት ቀስ ብለው ተነቅለው ይጣላሉ፣ ከሥራቸው ያለው ንጹሕ ነው። ቀድመሽ አትንቀያቸው። በማጓጓዝ ጊዜ ሲጋጭ የሚቆስሉት እነሱ ይሁኑ።

ጽጌረዳው ከሠርጉ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ቢገዛ ጥሩ ነው፤ እምቡጥ ሆኖ የመጣው ቀስ ብሎ ይከፈታል። ውኃ ውስጥ የሚገባው የዘንጉ ክፍል ላይ አንድም አረንጓዴ ቅጠል አይቅር። ቅጠል ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ውኃው ይቆሽሻል፣ ባክቴሪያው ስትሮውን ይደፍነዋል። ውኃውን በየቀኑ ቀይሪው።

ፍሪጅስ? ይህን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። አበባ ሻጮች ጽጌረዳን ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ማቀዝቀዣ ነው የሚያቆዩት፣ እርጥበቱም የተጠበቀ ነው። የቤት ፍሪጅ ግን ደረቅ ነው፤ ከጀርባው ግድግዳ የተጠጋ አበባ በብርድ ይቃጠላል። ዋናው ጠላት ደግሞ ፍራፍሬ ነው። ሙዝና አፕል ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ አበባን ያስረጃል። በተለይ ካርኔሽን ጋዙ ካገኘው ፔታሎቹ ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። እና ቡኬሽን በዋዜማው ከፍራፍሬ ጋር ፍሪጅ ውስጥ ቆልፈሽ ከምትተኚ፣ ፀሐይ በማይገባበት ቀዝቃዛ ክፍል ማሰሮ ውስጥ አቁመሽው ብትተኚ ይሻላል። ኦርኪድ ከሆነ ደግሞ ፍሪጅ ጭራሽ አይነካው፤ አብዛኛው የሞቃት አገር ተክል ነው፣ ብርድ ይጎዳዋል።

እጮኛሽ ማስነጠሱ ትንሽ ነገር ነው። ሙሽራ እያስነጠሰ ቃል ሲገባ ደስ አይልም እንጂ መፍትሔ አለው። ፔታላቸው የበዛ የአበባ ሻጭ ጽጌረዳዎች የሚለቁት ብናኝ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹም ሽታቸው ቀላል ነው ወይም ጭራሽ ሽታ የላቸውም። "ሽታ የሌለው ነጭ" ብለሽ እዘዢ። ጂፕሶፊላ የምትባለዋን ደቃቃ ነጭ አበባ አታስጨምሪ፤ ሽታዋ ለብዙ ሰው አይመችም፣ በዝግ ክፍል ደግሞ ይከብዳል። ከሠርጉ በፊት አንድ እቅፍ ገዝተሽ እሱ ባለበት ክፍል አሳድሪውና እዪው። ዓይኑ የሚያብጥ፣ ደረቱ የሚያፍን ከሆነ ግን ወዲያውኑ ወደ አርቴፊሻል ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

እሺ፣ አርቴፊሻሉስ? አርቴፊሻል ከመረጥሽ ጊዜሽን ቀድመሽ ክፈዪ። በስልክ ፎቶ አይተሽ እንዳታዢ። ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል። ዕቃውን በእጅሽ ያዢው።

መጀመሪያ አረንጓዴውን ቅጠል ተመልከቺ። ሰው አበባውን ሲያይ ይሸወዳል፣ ቅጠሉን ሲያይ ግን ይነቃል። ርካሽ ዕቃ ላይ ቅጠሉ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ሁሉም ቅጠል አንድ ልክ ነው። ጥሩው ላይ ጅማቶቹ ይነበባሉ፣ የታችኛው ገጽ ደብዘዝ ይላል። ቀጥለሽ የፔታሉን ጠርዝ በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ነካ አድርጊው። ጨርቅ ከሆነና ክር ከወጣው መልሺው። ከዚያ አበባውን ገልብጠሽ ከሥሩ እዪ። የፕላስቲክ ጉጥ ወይም የደረቀ የሙጫ ክር ከታየሽ ፎቶ አንሺውም ያየዋል። ቀለበታችሁን ቡኬው ላይ አስቀምጦ ከቅርብ ሲያነሳ በተለይ።

አሠራሩም ይለያያል። የፖሊስተር ጨርቁ ቀላል ነው፣ ከሩቅ ያምራል። ፎሙ ቅርጹ ቆንጆ ነው፣ ግን ሁሉም አንድ ፊት ነው፤ ብዙ ፎም ጽጌረዳ አንድ ላይ ሲታሰር መንታ የበዛበት ቤተሰብ ይመስላል። ላቴክስ (ጎማ መሰል ነገር) የተቀባው ሲነኩት ቀዝቀዝና ለስለስ ይላል፣ እውነተኛውን ከቅርብ የሚያስመስለው እሱ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱ ርካሽ አይደለም። ጓደኛሽ አርቴፊሻል ያለችሽ ገንዘብ ይቆጥባል ብላ ከሆነ ዋጋውን ሳታወዳድሪ አትመኚ። ጥሩ ላቴክስ በወቅቱ ከሚገኝ ፍሬሽ ጽጌረዳ ሊበልጥ ይችላል።

ነጭ ስለምትፈልጊ ይህን ደግሞ ልብ በይ። ነጭ አንድ ዓይነት አይደለም። ቬሎሽ ወደ ክሬም የሚያደላ ከሆነና አበባው እንደ ወረቀት የነጣ ከሆነ ፍላሽ ሲበራ ልብሱ ያረጀ ይመስላል። ልብስ ሰፊዋን የቬሎውን ቁራጭ ጨርቅ ለምኚያት፤ እሱን ይዘሽ ሂጂና በመስኮት ብርሃን አስተያዪ። ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ በፍላሽ አንሺው። ያበራል? ሌላ ሞክሪ። ከተቻለ ፈዘዝ ያለ ነጭ፣ መሃሉ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ የሚሄድ ምረጪ። ፍሬሽ ነጭ ጽጌረዳም እንደዚያ ነው።

የተመረጠው ቡኬ በሣጥን ታጥፎ ከመጣ አትደንግጪ። ከፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ከርቀት አዟዙሪውና ፔታሎቹን በጣትሽ አቅኛቸው። በሙቀት ቀልጦ የሚለጠፍ ሙጫ ያለበትን ግን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳትተዪው፤ ሙጫው ይላላል። አየሽ፣ አርቴፊሻሉም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከጣጣ ነጻ አይደለም።

ሁለቱን መቀላቀል የሚሉም አሉ። አንድ ቡኬ ውስጥ ግማሹ ፍሬሽ ጽጌረዳ፣ ግማሹ አርቴፊሻል ጽጌረዳ? አይሆንም። እውነተኛው አጠገብ ሲቆም ሐሰተኛው ወዲያው ይጋለጣል። ጥሩ አርቴፊሻል አበባ በፍሬሽ አረንጓዴ ቅጠል መክበብ ግን ይሠራል፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩሽ ሰው የሚነቃው በቅጠሉ ነው።

በማግስቱ ይጣላል ለሚለው ደግሞ፣ ፍሬሹም መቀመጥ ይችላል። በማግስቱ ሪባኑን ፈትተሽ ጨለማና ደረቅ ቦታ ላይ ቁልቁል ስቀይው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ነጩ ነጭ ሆኖ እንደማይቀር ግን እወቂ፤ ወደ ክሬምና ወደ ቡናማ ይሄዳል። ሲሊካ ጄል በሚባለው እርጥበት የሚመጥ ቅንጣት ውስጥ ቀብረሽ ብታደርቂው ቅርጹም ቀለሙም የተሻለ ይቆያል። አርቴፊሻሉም "ዕድሜ ልክ" ሲባል ያው አቧራ ይጠጣል፣ መስኮት አጠገብ ከሆነ ቀለሙ ይለቃል። አንዴ ተይዞ የሚጣል ከሆነ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ የትም አይበሰብስም። ከገዛሽው አስቀምጪው፣ አለዚያም ለሌላ ሙሽራ አሳልፊው።

እንግዲህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን? ደብዳቤሽን ደግሜ አየሁት። ስለ አርቴፊሻል የጻፍሽው ስለ ሰው ዓይን ብቻ ነው። የፈለግሽው ነገር ተብሎ የተጻፈው ነጩ ጽጌረዳ ነው። ስለዚህ የእጅሽን ፍሬሽ አድርጊው፣ ግን ትንሽ ይሁን። ትልቅ የፍሬሽ ቡኬ እስከ ማታ ክንድሽን ያዝልሻል፣ ቬሎሽንም ይሸፍነዋል። የሚዜዎችሽንና የአዳራሹን አርቴፊሻል አድርጊው፤ እነሱን ከቅርብ የሚመረምራቸው የለም። የውጪውን ፎቶ ደግሞ ፎቶ አንሺውን ጠይቂውና ፀሐይ በረድ ወዳለበት ሰዓት አዙሪው። ለአበባው ብቻ ሳይሆን ለሜካፕሽም ይበጃል። ማዞር ካልተቻለ ከአበባው ጋር የሚነሱት ፎቶዎች መጀመሪያ ይነሱ፣ ከዚያ ቡኬው ወደ ጥላና ወደ ማሰሮው ይመለስ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጠባቂ ካለ ነው። ለጠባቂነት ማንን እንደማስብ ገምተሻል መሰለኝ። የእጮኛሽን እህት። ፍሬሽ ይሁን ብላ የተከራከረችው እሷ ናት፣ ሚዜም አይደለችም። ሳትቆጪ፣ በፍቅር፣ "እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ፍሬሽ ነው የሚያምረው። በዕለቱ ግን ውኃውን የሚይዝልኝ ሰው የለኝም፣ አንቺ ትይዥልኛለሽ?" በያት። እሺ ካለችሽ ማሰሮውን፣ ፎጣውንና መቁረጫውን በዋዜማው አስረክቢያት። "እኔማ የዚያን ቀን አይመቸኝም" ካለችሽ ግን አትከራከሪ፤ በማግስቱ የቬሎሽን ቁራጭ ይዘሽ ላቴክሱን ለመምረጥ ሂጂ። ሁለት ወር ይበቃሻል።